የእናትና የአባት ወገን ሲደበላለቅ፦ የክሮሞሶም ካርታ ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎ ያለችኝ ጠባብ ክፍል ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ውጭ ሄደው ያደጉ ልጆች ናቸው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ታግዷል። ቀድመው የሄዱት ግን አድገው ዘመድ እየፈለጉ ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ውጤታችሁ መጥቷል፣ ዲኤንኤ ፔይንተርንም (ከዘመድ ጋር የምትጋሩትን የክሮሞሶም ቁራጭ በየወገኑ ቀለም የምትቀቡበትን ድረ ገጽ) ከፍታችኋል ብዬ ልጀምር።

ተዛማጅ አለ፣ የሚቀባ ቁራጭ የለም። መርማሪው ድርጅት አንሰስትሪ ከሆነ የክሮሞሶሙን ቦታ አያሳይም። ጥሬ ፋይሉን አውርዳችሁ ጌድማች (የተለያዩ ድርጅቶች ውጤት የሚወዳደርበት ድረ ገጽ) ላይ ጫኑ። ዘመዳችሁም እዚያ መኖር አለበት።

ዕድሜው አይገጥምም። የጉዲፈቻ ማህደሩ ላይ ያለው የልደት ዓመት 1985 የእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጅ 1992 ወይም 1993 ነው።

ካርታው በጥቃቅን ቁራጭ ተሞልቷል። ከ7 ሴንቲሞርጋን (የቁራጭ መጠን መለኪያ ነው) በታች ያለውን አትቀቡ። ብዙው በአጋጣሚ የገጠመ ነው። ካርታው ሞልቶ እንዲታይ ብቻ ባለ 3 እና ባለ 4 የሚለጥፉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። በዚያ ካርታ ተነስቶ የሰው ቤት የሚያንኳኳ ልጅ አለ።

ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ። ሁሌ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሁለት ተዛማጆች ከእናንተ ጋር በአንድ ክሮሞሶም፣ በአንድ ስፍራ ይታያሉ። «በቃ፣ ሦስታችንም የአንድ አያት ልጆች ነን» ትሉና ሁለቱንም በአባት በኩል ትቀባላችሁ።

መንስኤው ይኸውላችሁ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ጥንድ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የማወዳደሪያው ገጽ ግን የሚያሳየው አንድ መስመር ነው። ጂ ፕላስ ዋን ቤትን ከሰማይ እንደማየት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ምድር ቤት፣ ሌላው ፎቅ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ መጣች። ክሮሞሶም 11 ላይ አንዱ 38፣ ሌላው 41 ሴንቲሞርጋን የሚጋሯት ሁለት ሰዎች አሏት። ሁለቱንም በአባቷ በኩል ቀብታለች። ባለ 38ቱ ሰንዳፋ ያሉ አንድ ሽማግሌ ልጅ ነው። እሳቸው ቤት ሄዳ «የአባቴ ወገን ናችሁ» ብላለች። ቡና ተፈልቷል፣ ተለቅሷል። እኔ የሁለቱን ሰዎች ኪት ቁጥር (ጌድማች ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠውን መለያ) እርስ በርስ አወዳደርኩ። ክሮሞሶም 11 ባዶ!

መፍትሄው ይሄው ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ሁለቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። በዚያው ስፍራ ከተዛመዱ አንድ ወገን ናቸው። ካልተዛመዱ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት ነው። ማይሄሪቴጅ የተባለው መርማሪ ድርጅት ገጽ ላይ ሦስታችሁ የምትጋሩት ቁራጭ በሳጥን ተከቦ ይታያል። የሌላው ድርጅት፣ የፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ፣ ማትሪክስ (ማን ከማን እንደሚዛመድ ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) «ይዛመዳሉ» ቢላችሁ ግን አትመኑ። ሌላ ክሮሞሶም ላይ ሊሆን ይችላል። በዚች ብቻ ስንቱ ተሳስቷል!

የትኛው የማን እንደሆነ የሚለየው የታወቀ ዘመድ ነው። ልጅቷ የእናቷን እህት ቀድማ አግኝታ አስመርምራታለች። አክስቷ ከእሷም ከሽማግሌው ልጅም ጋር እዚያው ስፍራ ትዛመዳለች። ስለዚህ የእናት ወገን ነው። ልብ በሉ፦ አክስት ባትዛመድ ኖሮ «የአባት ነው» ማለት አይቻልም። እህትማማቾች ከወላጆቻቸው የሚወርሱት አንድ ዓይነት አይደለም። እናት የያዘችው ቁራጭ ለአክስት ላይደርሳት ይችላል። ወንዶች ደግሞ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ የምታገኙት ዘመድ በእናታችሁ በኩል ነው።

ሰንዳፋ አብሬያት ተመለስኩ። ስህተቱን ስትነግራቸው ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። በፊት ዘር ሲቆጥሩላት አባት፣ የአባት አባት እያሉ ነበር። እኔም «አባባ፣ በእናትዎ በኩልስ?» አልኳቸው። የእናታቸውን እናት ስም ጠሩ። ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች። አክስቷ በስልክ ያስጻፈቻት የቅድመ አያት ስም ያው ነበር።