ውሃ በደሴና በኮምቦልቻ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በቤትዎ እንዴት እንደሚለካ

ትምህርት ቤት «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን ሸምድደናል። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጦሳ ግርጌ ለተቀመጠችው ደሴ የሚጠበቀው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 94። በሁለቱ መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ደሴ ለክቶ ከሰዓት ኮምቦልቻ መድገም ይቻላል። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተመቸ አካባቢ ማግኘት ከባድ ነው።

የሚያስፈልገው ቢያንስ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የኩሽና ወይም የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያ በፍጹም አይጠቀሙ። የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የብርጭቆው ዓይነት በፈላ ውሃ ውስጥ ሊሰበር ይችላል፤ ሜርኩሪ ካለበት ደግሞ መርዙ ይፈስሳል።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ይፈትሹ። በረዶ ሰባብረው ብርጭቆ ይሙሉ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩበት፣ ቴርሞሜትሩን ከተው ጥቂት ደቂቃ ያማስሉ። 0 ማንበብ አለበት። 1 ካነበበ፣ በኋላ ከሚያገኙት ቁጥር ሁሉ 1 ይቀንሱ። ይህ ፍተሻ ደሴም ኮምቦልቻም እኩል ይሠራል። በረዶ ሲቀልጥ የሚይዘው ቦታ የሚለወጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ቢጨምር ቢቀንስ ብዙም አይነካውም።

ቀጥሎ ውሃውን ያፍሉ። ድስቱን እስከ ግማሽ ሞልተው ያለ ክዳን ይጣዱት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ውሃው መሃል ይሁን፤ የድስቱን ታች ከነካ የሚለካው ብረቱን ነው። ገና ሲሞቅ ከዳር የሚነሱት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው፣ አይቁጠሯቸው። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ ንባቡን ይመዝግቡ። ከዚያ እሳቱን ይጨምሩና ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጨመሩት እሳት የት ገባ? የውሃ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ይዞ የጎበጠ ነው፤ በጉብጠቱ የተነሳ አንዱ ጫፉ በጥቂቱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ይሆናል። ስለዚህ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። የጨመሩት ሙቀት ይህን ትስስር በመበጠስ ያልቃል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ከ7 እጥፍ በላይ ይፈጃል። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር እንፋሎት ያበዛል እንጂ ምግቡን አያፈጥነውም።

እንፋሎት ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ቦታ የሚያገኘው አየሩን ገፍቶ ነው። በደሴ ከላይ የሚጫነው አየር የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውሃው ለመግፋት ብዙ ስለማይቸገር ቀደም ብሎ ይፈላል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ያንኑ ቴርሞሜትርና ያንኑ ድስት ይዘው ይድገሙት። የሚጠበቀው ልዩነት 2 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በጥንቃቄ ያንብቡ። ጨው አይጨምሩ፤ ቢጨምሩ እንኳ አንድ ቁንጥር ለውጥ አያመጣም። አንድ ዲግሪ ለመጨመር በሊትር 58 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የሚበላ ምግብ አይሆንም።

በመጨረሻ እንቁላል ይሞክሩ። የእንቁላል ፕሮቲን እንደ ተጠቀለለ ክር የታጠፈ ረጅም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሲሞቅ እጥፋቱ ይፈታል፣ ሰንሰለቶቹ ይጠላለፋሉ፣ ውሃውንም መሃላቸው ይይዙታል። ነጩ ከ62 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይረጋል፣ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ይጠነክራል፤ የነጩ ዋና ፕሮቲን ኦቫልቡሚን ግን 80 አካባቢ እስኪደርስ ቅርጹን አይለቅም። ውሃውን በ68 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲሞቅ ቀዝቃዛ ጠብ እያደረጉ፣ ለአንድ ሰዓት ያቆዩና እንቁላሉን ይስበሩት፤ አስኳሉ ረግቶ ነጩ ገና ልል ሆኖ ያገኙታል። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ የረጋ እንቁላል ግን ቢቀዘቅዝም አይመለስም። በመጀመሪያው የተለያዩት ሞለኪውሎች ናቸው፤ በሁለተኛው የተበላሸው የሞለኪውሉ የራሱ ቅርጽ ነው።

እንቁላል መፍላት አለመፍላቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዲግሪውን ነው። የባቄላ ንፍሮ ደሴ ላይ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስታርቹ ከ92 በታች ይበስላል፤ የባቄላውን ሴሎች አጣብቆ የያዘው ፔክቲን ግን የሚላላው ቀስ ብሎ ነው፣ ሙቀቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ባቄላውን ከዋዜማው ይዘፍዝፉት። ክዳኑ የሚቆለፍ ፕሬዠር ድስት ካለዎት እሱ ይሻላል፤ እንፋሎቱን አምቆ ደሴ ላይም ቢሆን ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሊያደርስ ይችላል።

የመጠጥ ውሃ ለሚያፈሉም ከፍታው ልዩነት አለው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚመክረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ግን 3 ደቂቃ ነው። ደሴ ላይ 3 ደቂቃ ይቁጠሩ። ኮምቦልቻ ከመስመሩ በታች ብትሆንም ብዙም ስለማትርቅ፣ እኔ እዚያም 3 ደቂቃውን እመርጣለሁ።