የእናታችሁን የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ከሜትሯ ጀምሩ

እናቴ ስታርፍ የሕይወት ታሪኳን የጻፍነው በአንድ ሌሊት ነው። ድንኳን ውስጥ፣ አጎቴ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ። ቀብሩ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ነበር። የቤት ውስጥ ዲዛይነር ሆና የሠራችው 30 ዓመት «በግል ሥራ ተሰማርተው» በሚሉ ሦስት ቃላት አለቀ። ሲነበብ ቆሜ ሰማሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለአርባዋ እንደገና ጻፍኩት። ያኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በእጇ ሙያ የኖረች ከሆነች ይጠቅማችኋል።

ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ዕቃዋን ፈልጉ። እኔ የጀመርኩት ከሥራ ቦርሳዋ ነው። ባለ 5 ሜትር ቢጫ ሜትር ወጣ። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ተጣሟል፣ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ተፍቀዋል። ከሥሩ 14 ስኩዌር ደብተሮች አሉ። አንዱን ገለጥኩ። «ኩሽና 2.10 በ1.80። መስኮት ከወለል 1.05። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ይቀየር።» ከጎኑ፣ በዚያው እስክሪብቶ፦ «ሐሙስ የትንሿ ክትባት። ወተት አልቋል።»

ትንሿ እኔ ነኝ።

የተለመደው አጻጻፍ መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ «የሦስት ልጆች እናት ነበሩ» ይላል። ያቺን ገጽ ካየሁ በኋላ እንደዚያ መለያየት አልቻልኩም። እሷ አልለየችውም። ሦስታችንም ከትምህርት ቤት ወጥተን የምንሄደው ደንበኛ ቤት ነበር፤ የቤት ሥራችንን የሠራነው ያልተለሰነ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈን ነው። ስለዚህ ክትባቱንም ኩሽናውንም አንድ አንቀጽ ውስጥ አስገባሁት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ በ1988 ተመረቀች ብለን ነበር። ሰርተፍኬቱ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1980 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን ከፈረንጁ 7 ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 8። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ቀን ሲልኩላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጻፉ።

የልደት ወረቀት ከሌለ ደግሞ የዘመኑን ወሬ ያዙ። አያቴ ሁልጊዜ «ክርስትና ሳትነሣ ነው ተኩስ የሰማነው» ትል ነበር። ተኩሱ የታኅሣሥ ግርግር ነው፣ 1953። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። እንግዲህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው የተወለደችው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «አዎ! ጽጌ ነበር፣ አራስ ሆና ነው የጾመችው» አለች። የጽጌ ጾም አብዛኛው የሚውለው ጥቅምት ላይ ነው፤ ጥቅምት 1953 ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለሥራ ባልደረቦቿ «እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» አትበሉ። መልሱ «ደግ ነበረች» ነው፣ እዚያው ያልቃል። እኔ ለአናጢዋ ያቀረብኩለት ጥያቄ «ምን አስፈርሳህ ታውቃለች?» የሚል ነው። መላጊያውን አስቀመጠና ተቀመጠ።

«የአንዲት ሴትዮ ኩሽና» አለኝ። «ጨርሼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ልንረካከብ ስንል እናትሽ መጣች። ሴትዮዋን ‹እስቲ ሽንኩርት ክተፊ› አለቻት። ስትከትፍ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቀለ። እናትሽ ‹አፍርሰው› አለችኝ።»

ካቢኔቱ እንደተለመደው 90 ሳንቲም ነበር። ሴትዮዋ አጭር ናት፤ ክርኗ ከወለል 95 ላይ ነው። መክተፊያው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። 82 ላይ አወረዱት። የእጁን የከፈለችው ከራሷ ኪስ ነው። ይህን ቤት ውስጥ ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሙያዋን በስሙ ብቻ አትተዉት። የቤት ውስጥ ዲዛይነር ስትሉ ብዙ ሰው መጋረጃ መራጭ ይመስለዋል። ከሠራቻቸው ቤቶች አንዱን ምረጡና አንባቢውን ይዛችሁ ግቡ። እኔ የመረጥኩት አምስት ሰው የሚኖርበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። በሶፋውና በቡፌው መካከል 80 ሳንቲም አስቀረች፤ ረከቦት ተሸክማ የምታልፍ ሴት ጎኗ እንዳይመታ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት አራቀችው፤ ክረምት ላይ ከጀርባው እንዳይሻግት። ለትልቁ ልጅ የሳሎኑን ጥግ በመጋረጃ ከፈለችለት፣ ከመስኮቱ ሥር ታጣፊ ጠረጴዛ አስገጠመችለት። እሷ ራሷ ያደገችው ካዛንቺስ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት። የምታጠናው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የምትወደውንም አንድ ነገር አስገቡ። የእኔ እናት በተወለደችበት ዓመት የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ትወድ ነበር፤ በተለይ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት። «ብርሃንን ቀለም ቀባው» ትል ነበር። የእኛ ቤት ደረጃ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መስታወት ከዚያ የመጣች ናት።

አንቱታውን ሽማግሌዎች ይጠብቁታል፣ በንባቡ ላይ «እርሳቸው» በሉ። እቤት ግን «አንቺ» ስትሏት ከነበረ መጀመሪያ ረቂቁን «እሷ» እያላችሁ ጻፉት፣ ኋላ ትቀይሩታላችሁ። እኔ በአንቱታ ስጀምር ሰው እየገለጽኩ አልመሰለኝም፤ እጄ ተሳሰረ።

ከሁለት ገጽ አይለፍ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ዓረፍተ ነገር ቁረጡት። አንባቢው ድምፁ የማይሰበር ሰው ይሁን፤ እኔ አልቻልኩም፣ ባለቤቴ አነበበልኝ። ቅጂም አብዙ። አናጢው አንዱን ወስዶ ከመላጊያ ጠረጴዛው በላይ ለጥፎታል።

ደብተሮቹን በፌስታል አትጠቅልሏቸው፣ ክረምት ሲመጣ እርጥበት ይይዛሉ። እኔ ሁለት ሜትር አቡጀዴ ገዝቼ ጠቀለልኳቸው፣ ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሜትሩ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።