ካሳንድራ ክላስተር ላይ አዲስ ኖድ አልገባ ሲል እነዚህን አታድርጉ

ካሳንድራ ዳታን ብዙ ማሽን ላይ አከፋፍሎ የሚይዝ ዳታቤዝ ነው፣ እያንዳንዱ ማሽን ኖድ ይባላል፣ አብረው ደግሞ ክላስተር። አዲስ ኖድ ስትጨምሩ ኤረር አውጥቶ እምቢ ሲላችሁ ትደነግጣላችሁ አይደል፣ እመኑኝ ግን ኤረር የሚያወጣው ኖድ ደህና ነው፣ ቢያንስ ምን እንደጎደለው ይናገራል። የሚያስፈራው ምንም ሳይል የሚገባው ነው፣ ስታተሱ ላይ ደህና ይመስላል ውስጡ ግን ባዶ ነው። ብዙ ሰው "ገባ" ሲል እፎይ ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል፣ በትክክል መግባቱን የሚያይ ጥቂት ነው፣ እኔም ይሄን የምጽፈው በዋናነት ስለዚህ ዝም ብሎ ስለሚገባው ኖድ ነው።

መጀመሪያ ሎግ ሳታዩ ሪስታርት አታድርጉ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ግን ያደርገዋል። ሰርቪስ መነሳቱን የሚያሳየው ሲስተምሲቲኤል አረንጓዴ ስላሳያችሁ ካሳንድራ ተነስቷል ማለት አይደለም፣ አስነሺው ስክሪፕት ስራውን ጨርሶ ጃቫው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሲስተም ዶት ሎግ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ አትቁሙ፣ እሱ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ መዘጋቱን ነው። ከመጨረሻው አነሳስ በኋላ መጀመሪያ የመጣውን ኤረር ፈልጉ፣ ምክንያቱ እዛ ነው ያለው።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ የምትጭኑ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፣ ፓኬጁ ተጭኖ እንዳለቀ ካሳንድራ ራሱን ያስነሳል፣ እናንተ ኮንፊጉን ገና ሳትነኩት። ዲፎልት ስሙ ቴስት ክላስተር ስለሆነ ያንን ስም ሲስተም ቴብሉ ላይ ይጽፈዋል፣ ከዛ እናንተ ካሳንድራ ዶት ያምል ላይ ትክክለኛውን ስም አስገብታችሁ ስታስነሱት የተቀመጠውና የተጻፈው ስም አልገጠመም ብሎ ይዘጋል። መፍትሄው ካሳንድራን ማቆም፣ ቫር ሊብ ካሳንድራ ስር ያሉትን ዳታ፣ ኮሚትሎግ፣ ሴቭድ ካሽስ እና ሂንትስ ፎልደሮች ማጽዳት፣ ከዛ ኮንፊጉን አስተካክሎ ማስነሳት ነው። ግን ከማጽዳታችሁ በፊት ሆስትኔም ብላችሁ የትኛው ማሽን ላይ እንዳላችሁ አረጋግጡ በናታችሁ፣ አምስት ተርሚናል ተከፍቶ ሁሉም ሲመሳሰል የፕሮዳክሽኑን ዳታ ማጥፋት የአንድ ኢንተር ጉዳይ ነው። እኔ አርኤም የሚለውን ማጥፊያ ትዕዛዝ አልጠቀምም፣ ፎልደሩን ስሙን ቀይሬ አስቀምጠዋለሁ፣ ኖዱ በደንብ ከገባ በኋላ አጠፋዋለሁ።

እና ስሙ ቢገጥምም እንኳ አጽዱት። ብቻውን አንዴ የተነሳ ኖድ ቡትስትራፕ (ሲገባ ድርሻውን ዳታ ከሌሎቹ መቀበል) ጨርሻለሁ ብሎ መዝግቧል፣ ስለዚህ ክላስተሩ ውስጥ ሲገባ ዳታ ስጡኝ ብሎ አይጠይቅም።

አድራሻ ላይ የሚሳሳተው ሰው ቁጥር የለውም። ሊስን አድሬስ ኖዶቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፣ አርፒሲ አድሬስ አፕሊኬሽኑ የሚገናኝበት ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። ሊስን አድሬስ ዲፎልቱ ሎካልሆስት ስለሆነ ሳትቀይሩት ከሄዳችሁ ኖዱ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፣ በሁሉም ይስማ ብላችሁ 0.0.0.0 ካደረጋችሁት ደግሞ ይሄ ሊስን አድሬስ ላይ ሁሌም ስህተት ነው። አርፒሲው ላይ 0.0.0.0 ይቻላል፣ ያኔ ግን ብሮድካስት አርፒሲ አድሬስ የሚለውንም መሙላት ግድ ነው። ዶከር ላይ የምታስነሱ ከሆነ ኮንቴይነሩ የሚያውቀው የውስጡን አይፒ ነው፣ 172.17 ምናምን የሚለውን፣ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ኖድ እዛ ሊደርስ አይችልም፣ ስለዚህ ብሮድካስት አድሬስ ላይ የሆስቱን አይፒ ስጡት።

ፒንግ ሰራ ብላችሁ ኔትወርኩ ደህና ነው አትበሉ። ፒንግ ስለ ፖርት የሚነግራችሁ ነገር የለም። ኖዶቹ የሚነጋገሩት በ7000 ነው፣ ሰው ግን አፕሊኬሽኑ የሚጠቀምበትን 9042 ብቻ ከፍቶ ለምን አልገባም ይላል። 7000ን ኤንሲ በሚባለው የፖርት መሞከሪያ ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ ከዛም ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሞክሩ፣ ሁለቱም መንገድ ክፍት መሆን አለበት። ኢንክሪፕሽን ካለ የድሮዎቹ ቨርዥኖች 7001ን ነው የሚጠቀሙት፣ ከ4.0 ወዲህ 7000 ለሁለቱም ይሆናል። ኖድቱል የሚባለው የካሳንድራ ማስተዳደሪያ ትዕዛዝ የሚሰራበትን 7199 ግን ለውጭ አትክፈቱ፣ እዛ የገባ ሰው ክላስተራችሁን እንደፈለገ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሲድ፣ አዲስ መጪ ኖድ መጀመሪያ የሚያናግረው ኖድ። ኖዱ "አንኤብል ቱ ጎሲፕ ዊዝ ኤኒ ፒርስ" (ከማንም ኖድ ጋር መነጋገር አልቻልኩም) ብሎ ሲሞት ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ሲድ ሊስቱ ላይ የራሱን የአዲሱን ኖድ አይፒ ይጨምራል። ወዲያው ይነሳል! ችግሩ ግን ካሳንድራ ላይ ሲድ ሊስቱ ውስጥ ራሱን ያገኘ ኖድ ቡትስትራፕ አያደርግም፣ ሪንጉ (ኖዶቹ ዳታውን የተከፋፈሉበት ክብ) ውስጥ ገብቶ ቶክኑን (የድርሻውን ምልክት) ይይዛል፣ ለዚህ ለዚህ ዳታ ኃላፊው እኔ ነኝ ይላል፣ ዳታው ግን እጁ ላይ የለም። አፕሊኬሽኑ በኮንሲስተንሲ ዋን (የአንድ ኖድ መልስ ብቻ ይበቃል ማለት ነው) ሲያነብ ጥያቄው እሱ ጋ ከደረሰ ባዶ ይመልሳል፣ ኤረር የለም ምንም የለም፣ ዝም ብሎ የለም ይላል። ደንበኛው ትናንት ያስገባውን አንዴ ያየዋል አንዴ ያጣዋል፣ እናንተ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ገብታችሁ ባግ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

እንዴት ትለያላችሁ? ኖድቱል ስታተስ በሉ። በትክክል የሚገባ ኖድ መጀመሪያ ዩጄ (UJ) ሆኖ ይቆያል፣ ዳታ እየተቀበለ ነው ማለት ነው፣ ሲጨርስ ዩኤን (UN) ይሆናል። ብዙ ዳታ ያለው ክላስተር ላይ ኖዱ በሰከንዶች ዩኤን ከሆነ ጠርጥሩ። ሎድ የሚለውን ኮለም እዩ፣ ጎረቤቶቹ 200 ጊጋ ይዘው እሱ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ከሆነ ባዶውን ነው የገባው። እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት በድንጋጤ ገድላችሁ ዲስኩን አታጽዱ፣ ከገባ ወዲህ የተጻፈ አዲስ ዳታ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል። ወይ እዛው ሪፔር አድርጉት፣ የጎደለውን ከሌሎቹ ኮፒዎች ያመጣል፣ ወይ በዲኮሚሽን አስወጡት፣ ሲወጣ የያዘውን ለሌሎቹ ያስረክባል፣ ከዛ አጽድታችሁ ራሱን ከሲድ ሊስቱ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት። ሲድ ማለት አለቃ አይደለም፣ አዲስ መጪ መጀመሪያ የሚያናግረው ኖድ ነው በቃ። በአንድ ዳታሴንተር ሁለት ሶስት ይበቃል፣ ሊስቱ ሁሉም ኖድ ላይ አንድ አይነት ይሁን። ራሱን ሲድ ማድረግ ያለበት ክላስተሩን የሚጀምረው የመጀመሪያው ኖድ ነው።

የዳታሴንተር ስምም እንደዚሁ ዝም ብሎ ያታልላል። ጎሲፒንግ ፕሮፐርቲ ፋይል ስኒች (የኖዱን ዳታሴንተር ስም ከፋይል የሚያነበው ክፍል) የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙ በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ለካሳንድራ ሁለት የተለያየ ዳታሴንተር ነው። ኖዱ ይገባል፣ ዩኤን ይላል፣ ግን ለብቻው አዲስ ዳታሴንተር መስርቶ ይቀመጣል፣ ኪስፔሳችሁ (ቴብሎቹን የያዘው ክፍል) ያንን ስም ስለማያውቀው ዳታ አይሄድለትም። ስታተሱ ላይ ሁለት የዳታሴንተር ርዕስ ካያችሁ ይሄ ነው። አስተካክዬ ላስነሳው ስትሉ ደግሞ የድሮውና የአሁኑ ዳታሴንተር አልገጠመም ብሎ እምቢ ይላል፣ ያንን ቼክ የሚያጠፋ ፍላግ አለ፣ አትንኩት፣ አስወጥታችሁ ባዶ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ አስገቡት።

ሶስት ኖድ ባንዴ አታስነሱ። ሌላ እየገባ ያለ ኖድ አለ ብሎ ይከለክላችኋል፣ ይሄንንም የሚያጠፋ ፍላግ አለ፣ ሰው ስለቸኮለ ያጠፋዋል፣ ክልከላው ግን ዳታው ከትክክለኛው ኖድ እንዲመጣ ነው። አንዱ ዩኤን ይሁን፣ ከዛ ቀጣዩ። ዩጄ ላይ ሰዓታት ቆየ ብላችሁም አትግደሉት፣ ኖድቱል ኔትስታትስ ላይ ባይቱ እየጨመረ ከሆነ እየሰራ ነው፣ ጠብቁት።

የሞተ ኖድን በዛው አይፒ ስትተኩ "ይሄ አድራሻ አለ" ካላችሁ ሪፕሌስ አድሬስ ፈርስት ቡት የሚለውን ኦፕሽን ሰጥታችሁ አስነሱ። ኖድን በግድ ከክላስተሩ የሚያስወጣው አሳሲኔት ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ ነው። ቨርዥን አታደባልቁ፣ አፕግሬድ መሀል ላይ ኖድ አትጨምሩ። ኮንፊግ ከኢንተርኔት ስትገለብጡ ነም ቶክንስን (ኖዱ የሚይዘው የቶክን ብዛት) እዩ፣ ድሮ 256 ነበር በ2021 የወጣው 4.0 ላይ 16 ሆኗል፣ አንዴ ገብቶ ከተነሳ በኋላ አይቀየርም። የሁሉም ማሽን ሰዓት በክሮኒ ይስተካከል፣ ካሳንድራ የቱ ዳታ አዲስ እንደሆነ የሚለየው በሰዓት ነው።

በመጨረሻ ክሊንአፕ። አዲሱ ኖድ ከገባ በኋላ የድሮዎቹ ኖዶች ያስረከቡትን ዳታ ራሳቸው አያጠፉትም፣ ዲስክ ይዞ ይቀመጣል፣ ስለዚህ በየተራ ኖድቱል ክሊንአፕ ይደረጋል። ይሄን ግን የአዲሱን ኖድ ሎድ ሳታዩ አትጀምሩ። ኖዱ ራሱን ሲድ አድርጎ ባዶውን የገባ ከሆነ ያ የድሮ ኖድ ላይ የቀረው ዳታ እሱ ያላገኘው ኮፒ ነው፣ ክሊንአፕ ደግሞ ይሄ የኔ አይደለም ብሎ ያጠፋዋል። ሶስት ኖድ እንዲህ አስገብታችሁ ክሊንአፕ ካደረጋችሁ ሪፕሊኬሽናችሁ 3 ቢሆንም ሶስቱም ኮፒ የጠፋበት ዳታ ሊኖር ይችላል፣ ያኔ ሪፔርም ከየትም አያመጣውም፣ ያላችሁ ባክአፕ ብቻ ነው።