ከቤቱ በፊት ፓርኪንጉን ንደፉ

የጎብኚዎች ማዕከል ንደፉ ሲባል አብዛኛው አርክቴክት ቀድሞ የሚስለው ጣሪያውን ነው። ሳር የለበሰ፣ ከኮረብታው ጋር ተያይዞ የሚወርድ ጣሪያ። ስክሪን ላይ ልብ ይሰርቃል። እኔ የምጀምረው ከፓርኪንጉ ነው። 50 መኪና ፀሐይ ላይ ሲደረደር የመስታወቱ ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። ያንን የሚሸፍን የሳር ጣሪያ የለም።

ሂሳቡን እንየው። መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንድ መኪና 25 ካሬ ሜትር ያዙ። ለ50 መኪና 1,250 ካሬ ሆነ። ብዙ ጊዜ ከህንጻው ይበልጣል። ስለዚህ ፓርኪንጉን ሰው ሊያየው ከመጣው ነገር አርቁት። በዛፍ ወይም በጉብታ ከልሉት። አስፋልት ትታችሁ ውሃ የሚያሰርግ ጠጠር አልብሱት። እንግሊዝ ውስጥ በ2013 የተከፈተው የስቶንሄንጅ ማዕከል ከጥንታዊዎቹ ድንጋዮች 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎብኚው የቀረውን በአውቶቡስ ወይም በእግሩ ይሄዳል። ድንጋዮቹ አጠገብ የነበረው የድሮ ፓርኪንግ ተነስቶ ሳር በቅሎበታል። አሰሪዎች "ጎብኚ በእግሩ አይሄድም" ማለታቸው አይቀርም። መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር ካለ ይሄዳል። ለአረጋውያንና በዊልቸር ለሚመጡ ግን በሩ አጠገብ ጥቂት ማቆሚያ ይኑር። መንገዱም በ20 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ባይወጣ ይመረጣል።

ቦታ ስትመርጡ፣ ከሁሉ የሚያምረውን ነጥብ ለቤቱ አትስጡ። እዚያ ጎብኚው ይቁምበት። ለቤቱ ድሮውንም የተጎዳ መሬት ፈልጉ፦ የተተወ የድንጋይ ካባ፣ ካምፕ የነበረበት ሜዳ፣ የመንገድ ዳር። ኮረብታ አናት ላይ ደግሞ በጭራሽ። ጣሪያው ከጀርባው ሰማይ ካለ ከየትም ይታያል። ከጀርባው ተራራ ካለ ይዋጣል።

ይህን በኮምፒውተር ሞዴል ብቻ አትመኑ። ሳይቱ ላይ የህንጻው አራት ማዕዘን በሚያርፍበት ረጃጅም እንጨት ትከሉ። ቁመቱ ልክ ጣሪያው የሚደርስበት ይሁን። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩና በገመድ አያይዙት። ከዚያ ወደ መንገዱ ውረዱ። ቦታው መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ኩርባ ላይ ቁሙ። ሰው ፎቶ የሚነሳበትም ሂዱ። ከዓይናችሁ ቁመት፣ ዙም ሳታደርጉ ፎቶ አንሱ፤ ጠዋትም ከሰዓትም። ጨርቁ ሰማዩን ከቆረጠ ቤቱ ዝቅ ይበል ወይም ቦታው ይቀየር። ብዙ ጊዜ ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ ማውረድ ይበቃል። አሰሪውንም ይዛችሁ ሂዱ። ፕላን ላይ ሲከራከር የዋለ ሰው ጨርቁን ሲያይ ነገር ይቀለዋል።

ቀለም ላይ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ አረንጓዴ አትቀቡ። የዛፍ አረንጓዴ አንድ ዓይነት አይደለም፣ በየወቅቱም ይለዋወጣል። የቀለም አረንጓዴ ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል። የአፈሩን ወይም የድንጋዩን ቀለም ያዙና ከእሱ ትንሽ አጥቁሩት። ድንጋይና ቅጠል በላያቸው ብዙ ጥቃቅን ጥላ አላቸው። ለስላሳ ግድግዳ ያ ስለሌለው ቀለሙ እኩል ቢሆንም ከሩቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ናሙናውን ጣውላ ላይ ቀብታችሁ ሳይቱ ላይ አቁሙና 100 ሜትር ያህል ርቃችሁ እዩት። ቢሮ ውስጥ በካታሎግ መምረጥ ዋጋ የለውም።

ወደ ሳር ጣሪያው ልመለስ፤ አልጠላውም። ግን 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ውሃ ሲጠጣ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ያንን ለመሸከም የሚጨመረው ኮንክሪትና ብረት "ዘላቂ" ያላችሁትን ነገር ይበላዋል። ቀለል ያለ የአፈር ድብልቅ መጠቀም ክብደቱን ይቀንሳል። በበጋ ውሃ ማጠጣትም አያስፈልግም። ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ጣሪያው ብቻ ከለመለመ ቤቱን ያጋልጠዋል። ከዙሪያው ጋር ይድረቅ፣ ከዙሪያው ጋር ይለምልም።

ግድግዳውን መጀመሪያ መሰረት ሲቆፈር ከሚወጣው ድንጋይና አፈር አስቡት። ደቡብ አፍሪካ ያለውን የማፑንጉብዌ ማዕከል ተመልከቱ። ቅስት ጣሪያዎቹ የተሠሩት ከአካባቢው አፈርና ከትንሽ ሲሚንቶ ተጨምቀው በወጡ ስስ ጡቦች ነው። ጡቡን ያመረቱት ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አርክቴክቱ ፒተር ሪች ሲሆኑ፣ ሥራው በ2009 የዓለም አርክቴክቸር ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ህንጻ ተብሏል።

አካባቢው ደረቅና ሞቃት ከሆነ ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት የአሜሪካውን ዛዮን ብሔራዊ ፓርክ ማዕከል አሠራር እዩ። ከጣሪያው በላይ የሚወጡ የማቀዝቀዣ ማማዎች አሉት፤ አናታቸው ላይ በውሃ የሚርስ ንጣፍ አለ። አየሩ በእሱ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ያለ ፋን ወደ ክፍሉ ይወርዳል። እርጥበት ያለው አየር ላይ ግን አይሠራም።

ቁፋሮ ሲጀመር ለም አፈሩን ለብቻ ግፈፉና ዝቅ ባለ ክምር አስቀምጡት። የአገሩ ዘር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሥራው ሲያልቅ መልሱት። የሥራ ክልሉንም ከህንጻው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ላይ አጥሩ። ውሉ ላይ ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ዛፍ ቅጣት ጻፉ። እስካቫተር አጥር ካላየ የትም ይዞራል።

ትልልቅ መስታወት ካስገባችሁ ወፍ እንዳይጋጭበት ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ይኑርበት። የውጭ መብራት ወደ ታች ብቻ ይብራ። ሽንት ቤቱን በአማካይ የቀን ጎብኚ አታስሉ፤ 45 ሰው የጫነ አውቶቡስ ሲደርስ ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው። ሰው ወደ ኤግዚቢሽኑ ሳይገባ የሚደርስበትም ይሁን።

ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከርና ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከሎቢው በፊት ፕላኑ ላይ ይቀመጡ። ለቆሻሻ መኪናው 12 ሜትር ያህል የመዞሪያ ሬዲየስ ያዙለት፤ አለበለዚያ የሚዞረው ሳሩ ላይ ነው።