ፑትናምን ከየት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል?

ፈላስፋውን ሂላሪ ፑትናምን ለማንበብ ካሰባችሁ መጀመሪያ የጽሑፉን ዓመት እዩ። ሰውዬው (1926–2016፣ ቺካጎ ተወልዶ ሃርቫርድ ያስተማረ) ሐሳቡን ለመቀየር ምንም አያፍርም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1975ቱ የውሃ ታሪክ ጀምሩ። ሌላ ምድር አለች እንበል፣ ሁሉ ነገሯ እንደኛው፣ ግን እዚያ «ውሃ» የሚባለው ፈሳሽ ኤችቱኦ ሳይሆን ኤክስዋይዚ የሚባል ሌላ ነገር ነው። መልኩም ጣዕሙም ያው። ኬሚስትሪው ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ እዚህና እዚያ ያሉ ሁለት ሰዎች ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ፍጹም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቃላቸው የሚያመለክተው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የቃል ፍቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አያልቅም።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጅማ ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፣ ወጣ ብላችሁ አንድ የቡና ማሳ እዩ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ሰሳንና ብሳናን ለይ ብትሉኝ አልችልም። ስለ ሁለቱም የማውቀው «ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ» የሚለውን ብቻ ነው። ግን «ሰሳ» ስል ሰሳን ነው የጠራሁት፣ ምክንያቱም አይተው የሚለዩ ገበሬዎች አሉ፣ የኔም ቃል እነሱን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ፑትናም ይህን የቋንቋ የሥራ ክፍፍል ይለዋል። እሱም ሁለት የአገሩን ዛፎች መለየት እንደማይችል በግልጽ ጽፏል።

ቀጥሎ የ1981ዱ፣ ጋን ውስጥ የተዘፈዘፈው አንጎል፦ ከአካሉ ተነጥሎ ጋን ውስጥ የሚኖር፣ የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ኮምፒውተር የሚልክለት አንጎል እንበል። ከመጀመሪያውኑ እዚያ ከነበርክ «ጋን» የሚለው ቃልህ እውነተኛ ጋን ነክቶ አያውቅም፣ ስለዚህ «ጋን ውስጥ ያለሁ አንጎል ነኝ» ብትል ሐሰት ይሆናል። ማጭበርበር ይመስላል አይደል? የውሃው ነገር ከገባችሁ ግን መንገዱ ይታያል። እኔን በሙሉ አላሳመነኝም፤ ትናንት ማታ አንጎሉን አውጥተው ጋን ውስጥ ለከተቱበት ሰው ክርክሩ አይሠራም፣ የእሱ ቃል እውነተኛ ጋን ነክቷልና።

ስለ እውነታ የጻፈውን ለጊዜው እለፉት፣ እሱም አቋሙን ደጋግሞ ቀይሯል።

አእምሮን መጨረሻ ላይ አድርጉት። በ1960ዎቹ፣ በተለይ በ1967ቱ ጽሑፉ፣ ሕመም የሚለየው በሚሠራው ሥራ ነው፣ ከምን እንደተሠራ ለውጥ አያመጣም፣ ኦክቶፐስም ሕመም ሊሰማው ይችላል አለ። ፈንክሽናሊዝም የሚባለው ይህ ነው። በ1988 ራሱ ተነሣበት። የእምነታችን ይዘት ከፊሉ ውጭ ካለ፣ የውስጡ ፕሮግራም ብቻውን እንዴት ይወስነዋል? ውሃውን አስቀድሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ሁለት ሆናችሁ ብታነቡት ደግሞ ደስ ይላል፦ አንዱ ለ1967ቱ ጽሑፍ ይሟገት፣ ሌላው ለ1988ቱ።