ጎቢ ነው ብሌኒ? የቀይ ባሕርን ትንንሽ የወለል ዓሦች እንዴት እንደሚለዩ

በቀለም አትጀምሩ። ውሃ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ጠለቅ ብሎ ያለ ፍላሽ የተነሳ ቀይ ዓሣ አመድማ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሲደነግጡ መልካቸውን ይለውጣሉ። የሚታመነው ክንፍ ነው።

የጀርባውን ክንፍ ቁጠሩ። ሁለት የተነጣጠሉ ክንፎች ካሉት በአብዛኛው ጎቢ ነው። ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ሥር የተዘረጋ አንድ ረጅም ክንፍ ካለው ብሌኒ፣ ሦስት ካለው ትሪፕልፊን የተባለው ዓሣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ጎቢ ሲያርፍ የፊተኛውን ክንፉን አጥፎ ጀርባው ላይ ስለሚያስተኛው ባለ አንድ ክንፍ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ አሸዋውን ሳትቀሰቅሱ ጠብቁ። ሌላ ጎቢ ሲጠጋው ክንፉን ያቆማል፤ ያኔ ከጎን በኩል ደጋግማችሁ ፎቶ አንሱ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ለዚህ አይረባም። አምብሊኤሌኦትሪስ በተባለው የጎቢ ወገን የፊተኛው ክንፍ ስድስት እሾህ አለው፤ እሾሆቹ አንድ በአንድ የማይቆጠሩበትን ፎቶ አትመኑበት።

የዚህ ወገን ጎቢዎች አልፌየስ ከተባለው ሽሪምፕ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ያወጣል፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አንዱን አንቴናውን ከዓሣው ገላ ላይ አይለይም። ዓሣው ጅራቱን ካርገበገበ ማስጠንቀቁ ነውና ወደ ኋላ በሉ። ገፍታችሁ ከቀረባችሁ ሁለቱም ይሰወራሉ፤ የሚቀራችሁ መጠበቅ ብቻ ነው።

ከዚያ የሆድ ክንፉን እዩ። ብሌኒ ከደረት ክንፎቹ ቀደም ብለው፣ ከጉሮሮው ሥር የወጡ ሁለት ቀጫጭን ጣት መሰል ክንፎች አሉት። የብዙ ጎቢዎች ግን ተጋጥሞ ኩባያ ይመስላል። ተለያይቶ ስላያችሁት ብቻ ጎቢ አይደለም አትበሉ፤ በኮራል ሪፍ ከሚኖሩት ጎቢዎች ውስጥ የተነጣጠለ ያላቸው ብዙ ናቸው። ከዓይኑ በላይ ጭራሮ መሰል የቆዳ ቅጥያ ካለውና ቆዳው ቅርፊት አልባ ከሆነ ወደ ብሌኒ ያደላል። ራሱ ሦስት ማዕዘን፣ የስንጥቡ መክፈቻ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ድራጎኔት የተባለ ሌላ የወለል ዓሣ ነው።

ዝርያውን መለየት ከዚህ ይከብዳል። በቀይ ባሕር የሚገኙት ሁለቱ የአምብሊኤሌኦትሪስ ዝርያዎች፣ ሽታይኒትዚና ሱንጋሚ፣ ሁለቱም ነጣ ያለ ገላና ቡናማ መቀነት አላቸው (ሱንጋሚ የመጨረሻው i ሳይቆጠር በላቲን ፊደል ከኋላ ሲነበብ የተመራማሪው ማግኑስ ስም ነው፤ ዝርያው የተሰየመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው)። የመቀነቶቹን ብዛትና ዝንባሌ፣ በመካከላቸው ያለውን ምልክት፣ ጥልቀቱንና አብሮት ያለውን ሽሪምፕ መልክ እዚያው መዝግቡ። እነዚህ ካልተሟሉ አምብሊኤሌኦትሪስ ብላችሁ ወገኑ ላይ አቁሙ።