ሪፈንድ ከየት ይመጣል? የአሜሪካን የደመወዝ ታክስ ራስ አስልቶ ማወቅ

ፌብሩዋሪ ሲገባ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አበሻ የሚሰበሰብበት ቡና ቤት ብትገቡ «ታክስ አሠራህ? ስንት መጣልህ?» የሚለውን ሳትሰሙ አትወጡም። ብዙ የመጣለት ጎበዝ ታክስ ሠሪ እንዳገኘ፣ ክፈል የተባለው ደግሞ እንደተበደለ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ብዙ ወገኖቻችንን ጎድቷል። የደመወዝተኛ ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ከሚገባው በላይ የተቆረጠበት የገዛ ገንዘቡ ነው።

ግራ መጋባቱ ከአገር ቤት ልምድም ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ የሥራ ግብሩ በየወሩ ተቆርጦ ይገባለታል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ አያወራርድም። አሜሪካ ውስጥ ግን አሠሪው የሚቆርጠው በግምት ነው። እውነተኛውን ሂሳብ የምታወራርዱት እናንተ ናችሁ።

1. ደብሊው-2 ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ

ደብሊው-2 የዓመቱን ደመወዛችሁንና የተቆረጠባችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ አሠሪያችሁ እስከ ጃንዋሪ 31 ማድረስ አለበት። ሣጥን 1 ታክስ የሚታሰብበት ደመወዛችሁ ነው፤ ሣጥን 2 ለፌዴራል ገቢ ታክስ የተቆረጠው። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) 1.45 በመቶ የሚቆረጠው ሌላ ነው፤ ከዚህ ስሌት ጋር አትደባልቁት።

2. ታክሱን ራሳችሁ አስሉ

ያላገባ፣ ልጅ የሌለው፣ በ2025 ከአንድ ሥራ 45,000 ዶላር ያገኘ ሰው እንውሰድ። መጀመሪያ ሕጉ ለሁሉም የሚፈቅደው ተቀናሽ ይነሳል፤ ለነጠላ 15,750፣ አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው። 29,250 ይቀራል። የመጀመሪያው 11,925 ዶላር 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 48,475 ያለው 12 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ 1,192.50 ሲደመር 2,079፣ በድምሩ 3,271.50 ዶላር። ይህ ሰው ሣጥን 2 ላይ 3,900 ከተቆረጠበት ሪፈንዱ 628.50 ነው፤ 3,000 ብቻ ከተቆረጠበት 271.50 ይከፍላል። የሁለቱም ታክስ እኩል መሆኑን አስተውሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። «ኦቨርታይም ብሠራ ታክስ ይበላዋል» ብለው ሥራ የሚመልሱ ሰዎች አውቃለሁ። በ2025 ተቀናሹ ከተነሳ በኋላ ከ48,475 በላይ ያለው 22 በመቶ ይከፍላል ማለት ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ማለት ነው፤ የታችኛው በነበረበት ይቆያል። ከመስመሩ 1,000 ዶላር ብታልፉ ለፌዴራል ገቢ ታክስ 220 ትከፍላላችሁ፣ ከዚህ ታክስ በኋላ 780 ይቀራል። የኦቨርታይሙ ቼክ ላይ ብዙ የተቆረጠ የሚመስለው ስሌቱ ያን ያህል በየሳምንቱ እንደምታገኙ ስለሚቆጥር ነው፤ ትርፉ ዓመቱ ሲወራረድ ይመለሳል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ በላይ ያለው የኦቨርታይም ጭማሪ፣ ገቢያቸው ከፍተኛ ላልሆነ ሰዎች፣ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ ከፌዴራል ገቢ ታክስ ስሌት ይወጣል።

ልጅ ያላችሁ ከታክሱ ላይ በቀጥታ የሚነሳ ክሬዲት አላችሁ። በ2025 ከ17 ዓመት በታች ላለና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላለው ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነው፤ ከዚህ እስከ 1,700 የሚደርሰው ታክስ ባይኖርባችሁም ሊመለስላችሁ ይችላል። «የገዛ ገንዘባችሁ ነው» ካልሁት ውጪ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

3. ሁለት ሥራ ካላችሁ ደብሊው-4ን አስተካክሉ

የእኛ ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ነው። ቀን ሆቴል፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል እንበል፤ ከአንዱ 30,000፣ ከሌላው 25,000 ያገኛል። ሁለቱም አሠሪዎች ስለሌላው አያውቁም፤ ሙሉውን ተቀናሽ ሁለቱም ያነሱለታል። በ2025 የመቁረጫ ሠንጠረዥ (የያዘው ተቀናሽ ከ15,750 ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር) አንዱ 1,561.50፣ ሌላው 1,000 ዶላር ይቆርጣሉ። በ55,000 ላይ የሚደርሰው ታክስ ግን 4,471.50 ነው። ኤፕሪል ላይ 1,910 ዶላር አምጣ ይባላል፤ ማንም ሳይበድለው።

መድኃኒቱ ሥራ ስትጀምሩ የምትሞሉት፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ለአሠሪው የሚነግረው ደብሊው-4 ፎርም ነው፤ በፈለጋችሁ ጊዜም መቀየር ትችላላችሁ። የሁለቱ ሥራዎች ክፍያ ከተቀራረበ በሁለቱም ፎርም ላይ የደረጃ 2ን ሣጥን ምልክት አድርጉ። ካልሆነ ደረጃ 4 ላይ ከእያንዳንዱ ቼክ ተጨማሪ እንዲቆረጥ የምትፈልጉትን ጻፉ። ከላይ ያለው ሰው በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ከሆነ ከአንዱ ሥራ 74 ዶላር ቢያስጨምር ዕዳው ይጠፋ ነበር። የልጆቹን ክሬዲት ደረጃ 3 ላይ በአንዱ ፎርም ብቻ ጻፉ፤ ሁለቱም ላይ የጻፈ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

4. ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ

ለእናንተ የሚቆርጥ አሠሪ የለም። የተጣራ ትርፋችሁ 400 ዶላር ከደረሰ ከገቢ ታክሱ በተጨማሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ይመጣል፤ የአሠሪውን ድርሻም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። የነዳችሁትን ማይል በየቀኑ መዝግቡ። በ2025 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነሳል፤ ያለ መዝገብ ግን ማስረጃ የላችሁም። ክፍያው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና የሚቀጥለው ጃንዋሪ በ15ኛው ቀን።

5. ታክስ ሠሪ ስትመርጡ

«እኔ ብዙ አስመልሳለሁ» የሚል ሰው ሂሳቡን ሳያይ ቃል እየገባ ነው። የሌለ ወጪ፣ የማታሳድጉት ልጅ ጨምሮ ቁጥሩን ሊያሳብጥ ይችላል። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ሲጠይቅ ግን የሚጠየቀው የፈረመው ባለጉዳይ ነው፤ ገንዘቡን ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚመልሰው እርሱ ነው። ክፍያውን ከሪፈንዱ በመቶኛ ከሚጠይቅ፣ እንደ ታክስ ሠሪ ከማይፈርም፣ ሪፈንዱ በራሱ አካውንት እንዲገባ ከሚያደርግ ራቁ። ባዶ ፎርም ላይ አትፈርሙ፤ ግልባጩን ይዛችሁ ውጡ። ገቢያችሁ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ቪታ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች አገልግሎት በነጻ ይሠራላችኋል፤ በላይብረሪዎችና በማኅበረሰብ ማዕከሎች ይገኛል።

6. ከላካችሁ በኋላ

የታክስ ፎርሙን በኢንተርኔት ልካችሁ በቀጥታ ባንክ የሚገባ ሪፈንድ ብዙ ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ተመላሽ የልጅ ክሬዲት ወይም አነስተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን ክሬዲት የጠየቀ ግን ጃንዋሪ ላይ ቢልክም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት አይለቀቅለትም፤ ሕጉ ነው።

የምትከፍሉ ከሆነም ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ፎርሙ የሚላክበትን የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15ን አታሳልፉ፤ ያለመላክ ቅጣት ያለመክፈል ቅጣትን በብዙ ይበልጣልና፣ ላኩና በየወሩ ለመክፈል ጠይቁ። በሌላ በኩል ያለፉ ዓመታት ሳታሠሩ ያለፋችሁና ተቆርጦባችሁ የነበረ ካለ አሁንም ገንዘብ ሊኖራችሁ ይችላል፤ ፎርሙ መግባት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሳይሞላ መጠየቅ አለባችሁ።

የድሮ ደብሊው-2 ካስቀመጣችሁበት አውጡና ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ።